ያቋረጡት ሰነፎች አልነበሩም፦ የኦንላይን ኮርሶቻችንን ለሁሉም ምቹ ስለማድረግ



ባለፈው ክረምት ጀመዓችን ለዕረፍት ወደየቤታቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች አንድ የኦንላይን ኮርስ አዘጋጅቶ ነበር። መሠረታዊ የኮምፒውተር ትምህርትና የመውጫ ፈተና ዝግጅት ነበር። ቪዲዮው በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ጥያቄው በኩዊዝ ቦት ይሠራል፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ ቀጥታ ውይይት አለ። ሲጀመር ግሩፑ ሞልቶ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ግን ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። በግምገማው ስብሰባ ላይ አብዛኞቻችን ያልነው አንድ ነገር ነበር፦ «ተማሪው ሰንፏል፤ በነጻ የተሰጠ ነገር አይከበርም።»

ግቢ ስንመለስ ያቋረጡትን አንድ በአንድ አነጋገርናቸው። የሰማነው ሌላ ነገር ነው።

ክረምቱን ገሱባ፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ ያሳለፈ አንድ ወንድማችን እንዲህ አለን፦ የመጀመሪያው ቪዲዮ አንድ ሰዓት ከግማሽ ይፈጃል። የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ቪዲዮው ሳይጋመስ አለቀ። በማግስቱ ሌላ ገዛ፤ ዝናቡ በረታና መብራት ጠፋ፤ ስልኩም ተዘጋ። እንደምንም አይቶ ጨርሶ ወደ ኩዊዙ ገባ። ለአንድ ጥያቄ የተሰጠው 30 ሴኮንድ ነው። ኔትወርኩ ጥያቄውን ሲያመጣለት ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል። ከ10 ጥያቄ 3 አገኘ። ውጤቱ ደግሞ ከነስሙ ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። «አፈርኩና ለቅቄ ወጣሁ» አለን። መልሶቹን ግን ያውቃቸው ነበር።

አንዲት እህታችን ደግሞ እዚያው ገሱባ ከወንድሟ ጋር በአንድ ስልክ ነበር የምትጠቀመው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት መግሪብ ተሰግዶ እራት የሚሠራበት ሰዓት ነው። ውይይቱ ላይ በገባችበት አንድ ቀን «ካሜራ ያልከፈተ አልተገኘም ይባላል» ተባለች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ዐይነ ስውር የሆነ ሌላ ወንድማችን ያቋረጠበት ምክንያት ከሁሉም አጭር ነው፦ ማስታወሻዎቹን ሁሉ የለቀቅነው ደብተር ፎቶ አንስተን ነበር። የስልኩ አንባቢ ፎቶው ላይ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፋል።

«በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይግባ» ስንል ነበር የከረምነው። በሩስ ክፍት ነበር፤ ነገር ግን የሠራነው በእኛው ልክ ነው፦ የግቢ ዋይፋይ ላለው፣ የራሱ ስልክ ላለው፣ ዐይኑ ለሚያይ፣ ምሽቱ ነጻ ለሆነ ሰው። ይህ ጽሑፍ የዚህ ክረምት ኮርስ ከመጀመሩ በፊት ስህተቱን እንድናርመው የተዘጋጀ ነው። አብዛኛው እርማት ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል።

ተደራሽነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ተደራሽነት የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ነው። ለኦንላይን ትምህርትም ጉዳዩ ያው ነው፤ መወጣጫው ብቻ ይለያል። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ አካል ለዚህ መመሪያ አለው፤ የመጨረሻው 2.2 እትም የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። መመሪያው ረጅም ቢሆንም መሠረቱ አራት ነጥቦች ናቸው።

አንደኛ፣ ይዘቱ ለስሜት ሕዋስ የሚደርስ ይሁን፤ ማየት የማይችል ይስማው፣ መስማት የማይችል ያንብበው። ሁለተኛ፣ ሊሠራበት የሚቻል ይሁን፤ ቁልፉ ለጣት የሚበቃ፣ ጊዜውም የሚራዘም ይሁን። ሦስተኛ፣ የሚገባ ይሁን፤ ቋንቋውም አቀማመጡም ግራ አያጋባ። አራተኛ፣ በተለያየ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ይሁን፤ በአዲሱም በአሮጌውም ስልክ፣ በስክሪን አንባቢም ጭምር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 1.3 ቢሊዮን የሚሆነው፣ ማለትም ከ6 ሰው አንዱ፣ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። አገራችንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጨምሮ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አንቀጽ 24 ደግሞ ስለ ትምህርት ነው፤ ከፍተኛ ትምህርትንም ያካትታል።

ይሁንና ከተደራሽነት የሚጠቀመው አካል ጉዳተኛ ብቻ አይደለም። በጽሑፍ የተዘጋጀው ማስታወሻ ለዐይነ ስውሩ ወንድማችን ተብሎ ቢጻፍም፣ ገሱባ ያለውንና ጥቅል ያለቀበትንም ያገለግላል። የድምፅ ቅጂው እንጀራ እየጋገረች ለምታዳምጠው እህት ይሆናል። ለአንዱ ብለን ያሰፋነው በር ብዙዎችን ያስገባል።

ከፕላዝማው የምንማረው

ይህ ችግር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ታላላቅ ወንድሞቻችሁንና እህቶቻችሁን ስለ «ፕላዝማ» ጠይቋቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሥርጭቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የተዘጋጀ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ የአዲስ አበባውም የገጠሩም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥሩ መምህር እንዲያገኝ ታስቦ ነው።

ነገር ግን ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም ባይመልስም መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ «አልገባኝም» ማለት የለም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር የሚያብራራበት የቀረችው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። እንግሊዝኛው የከበደው ተማሪ ምስሉን እያየ ይወጣል።

የእኛ የ30 ሴኮንድ ኩዊዝ ከዚያ በምን ይለያል? መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ስህተቱ አንድ ነው፦ ትምህርቱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተማሪው መድረስ ያለበት እሱ ነው። የኦንላይን ትምህርት ትልቁ ጥቅም ግን ተማሪውን መጠበቅ መቻሉ ነው። ይህን ካጣ ፕላዝማ በኪስ ይሆናል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉም ያው ነገር ታየ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢሜልና በቴሌግራም እንዲቀጥሉ ተሞከረ፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ተማሪ ግን በአብዛኛው ግቢ እስኪከፈት ቤቱ ጠበቀ።

አሁን ደግሞ ኮርሱ በዝቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ከመካከላችን ብዙዎቻችን የተመዘገብንበት ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ በነጻ ያስተምራል፤ ሲጨርሱም ሰርተፊኬት አለው። ይዘቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ግን የተመዘገበ ሁሉ ይጨርሳል ማለት አይደለም። ይህም የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የሃርቫርድንና የኤምአይቲን ነጻ የኦንላይን ኮርሶች ተመልክቶ ነበር። በ2017–18 የትምህርት ዘመን ከተመዘገቡት 100 ሰዎች የጨረሱት 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። በእርግጥ ሁሉም ያቋረጡት በሩ ስለጠበበባቸው ነው አይባልም፤ ሊያይ ብቻ የገባም ሥራ የበዛበትም አለ። እኛ ልናስተካክለው የምንችለው ግን በሩን ነው።

ምን እናስተካክል?

ክብደት። ከሁሉ አስቀድመን የምንለቀው ፋይል ስንት እንደሚመዝን እንወቅ። በአንድ ሜጋቢት ፍጥነት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ከግማሽ ቪዲዮ 675 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። የዚያው ትምህርት ድምፅ ብቻውን በ32 ኪሎቢት ሲቀረጽ 22 ሜጋባይት አይሞላም። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። በዩኒኮድ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 12,000 ፊደል ያለው ማስታወሻ 36 ኪሎባይት ብቻ ነው። አንድ የስልክ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ትምህርት በሦስት መልክ ይለቀቅ፦ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ። ቪዲዮው ከ10 ደቂቃ በማይበልጥ ክፍል ይከፈል፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው አይጠፋም። ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን መጠኑ ይጻፍ። ተማሪው ጥቅሉን ከመጨረሱ በፊት ምን እንደሚያወርድ ይወቅ።

ያለ ኢንተርኔትም መንገድ አለ። ከግቢ ከመውጣታችን በፊት የክረምቱ ትምህርት በሙሉ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ይሞላ፤ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይተላለፍ። ነሺዳና ሙሐደራ እንዲህ ሲዞር ኖሯል፤ ኮርስ የማይዞርበት ምክንያት የለም። ገሱባ አንድ ወንድም ዘንድ የደረሰ ሚሞሪ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ኮሊብሪ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌርም መሞከር ይቻላል፤ አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫንና በዙሪያው ያሉ ስልኮች ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፑ ዋይፋይ ትምህርቱን ይከፍታሉ።

ንግግር። አስረጂዎቻችን «ይህን ወደዚህ ስናመጣው ይህ ይሆናል» ማለት ለምዶብናል። ሰሌዳውን ለማያይ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው፤ ድምፁን ብቻ ለሚያዳምጠውም እንዲሁ። «ሁለት ኤክስን ከቀኝ ወደ ግራ ስናሻግረው ምልክቱ ይቀየራል» ብንል ግን ሁሉም ይከተለናል። ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን በአፋችን እንናገረው፤ ስዕል ካሳየን ስዕሉ ምን እንደሚያሳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንግለጸው። ፎቶ ስንለቅም ከሥሩ መግለጫ እንጻፍለት። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ዋናው መፍትሔ ጽሑፍ ነው፤ ማስታወሻው ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይውጣ።

ጽሑፍ። ፎቶ የተነሳ ደብተር ለስክሪን አንባቢ ዝም ያለ ነገር ነው፤ ስልክ ላይ አጉልቶ ለማንበብም አስቸጋሪ ነው። ማስታወሻ ይተየብ። አንድ ሰው ላይ ከወደቀ ይከብዳል፤ አምስት ሰው ሁለት ሁለት ገጽ ቢካፈል በአንድ ምሽት ያልቃል። የሚተየበውም በዩኒኮድ ይሁን። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም በቆዩ ፎንቶች የተተየቡ ሞጁሎች ዛሬም ይዞራሉ፤ ስልክ ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይሆናሉ። ቀለምም ይታሰብበት። ነጭ ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ላይ ቀይ ጽሑፍ በፖስተራችን ላይ ያምር ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ወይም ዐይኑ ለደከመ ሰው ግን አይነበብም። መመሪያው በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖር ይላል፤ በተግባር ነጭ ላይ ጥቁር ከሆነ አትሳሳቱም። «ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ» ብቻ አንበል፤ ቀለም የማይለይ ሰው አለና «ላክ የሚለውን ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ» እንበል።

ጊዜ። ኩዊዙ ላይ ሰዓት ቆጣሪው ይቅር፤ ካስፈለገም ይርዘም። አራት ምርጫዎችን በስክሪን አንባቢ ማዳመጥ ብቻ 30 ሴኮንድ ይፈጃል። ውጤት በግል ይላክ፤ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ቀጥታ ውይይት ይቀረጽና በማግስቱ በድምፅ ይለቀቅ። ሰዓቱም ሰላትን፣ ጁሙዓንና የቤት ሥራን ያገናዘበ ይሁን፤ እህቶች ሳይጠየቁ ሰዓት አይወሰን።

የሰዓት አቆጣጠርም ሌላ ወጥመድ ነው። የውጭ ኮርሶች «11፡59 ፒኤም ዩቲሲ» ብለው ቀነ ገደብ ሲያስቀምጡ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡59 ነው፤ ቀኑም ወደ ማግስቱ ተሻግሯል። «11፡59» የሚለውን ብቻ አይቶ ማታ 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል መሮጥ የጀመረ፣ «አለፈኝ» ብሎም የተወው አለ። ስለዚህ ማስታወቂያ ስናወጣ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀኑንም በሁለቱም ካላንደር እንጻፍ።

ቋንቋ። ገሱባ ያደገ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን የተማረው በወላይትኛ፣ በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሮታል፤ ከፍ ሲል ደግሞ እንግሊዝኛ መጣበት። እኛ በአማርኛ ስናስረዳ ለሁሉም ቀላል ያደረግነው ይመስለናል፤ ለእሱ ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ዓረፍተ ነገራችን አጭር ይሁን። አዲስ ቃል ስናመጣ ወዲያው እንተርጉመው። ከእያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻ ላይ የአምስት ደቂቃ ማጠቃለያ በወላይትኛ በድምፅ ብንጨምር ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ይህን ሊሠሩ የሚችሉ አባላት በመካከላችን አሉ፤ እስካሁን አልጠየቅናቸውም።

ስምና ቅጽ። የውጭ ኮርሶች ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። አንዱ የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። «ሙሐመድ» የሚለው ስምም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል። በኋላ ሰርተፊኬቱ ከመታወቂያው ጋር ሳይገጥም ይቀራል። ከመመዝገባችሁ በፊት በመታወቂያችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ተከተሉ። እኛም በራሳችን ቅጽ ላይ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብለን ለይተን እንጠይቃለን፤ የማያስፈልገንን ነገር ደግሞ አንጠይቅም።

ካሜራ። ማንም ካሜራ እንዲከፍት አይገደድ። መገኘት በድምፅ፣ በጽሑፍ መልስ ወይም በሠራው መልመጃ ይመዝገብ። ይህ የእህቶቻችንን ምቾት ይጠብቃል፤ የሁሉንም ጥቅል ይቆጥባል።

ኮርሱን ሌላ ሰው ካዘጋጀውስ?

የምንማረው ሁሉ እኛ ያዘጋጀነው አይደለም። በሌሎች ኮርሶች ላይ ግን ሠልጣኙ ራሱ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ።

ቴሌግራም ላይ ወደ ቅንብሩ ገብታችሁ ፋይሎችን በራሱ ማውረዱን አጥፉት፤ ሳታውቁት ጥቅላችሁን የሚበላው እሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምስሉን ጥራት ወደ 144 ወይም 240 ዝቅ አድርጉ፤ የሚነገረውን ለመከታተል ይበቃል። ንግግሩ ከፈጠነባችሁ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት፤ የግርጌ ጽሑፍ ካለው ክፈቱት። ጽሑፍ ካነሰባችሁ የስልኩን የፊደል መጠን አጉሉ።

ዐይነ ስውር ለሆኑ ወንድሞችና እህቶች አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ የሚባል ስክሪን አንባቢ አለ። ለኮምፒውተር ደግሞ ኤንቪዲኤን በነጻ ማውረድ ይቻላል። ይህን ሶፍትዌር በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሁለት ዐይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ለገበያ የሚቀርበው ስክሪን አንባቢ እጅግ ውድ ነበርና ራሳቸው ሠሩት፤ ለሁሉም ነጻ አደረጉት። ይህን ያነሳነው ተደራሽነት በርኅራኄ የሚሰጥ ምጽዋት ብቻ እንዳይመስለን ነው። ችግሩን የሚያውቀው ሰው ሥራው ላይ ሲገባ መፍትሔው የተሻለ ይሆናል። የዚህ ክረምት ኮርስ ኮሚቴ ውስጥም እነዚያው ያቋረጡ አባላት እንዲገቡ ወስነናል።

ከመልቀቃችን በፊት አምስት ሙከራዎች

ማንኛውም ትምህርት ግሩፕ ላይ ከመለቀቁ በፊት እነዚህን ይለፍ።

1. የገሱባ ሙከራ፦ ገሱባ ወይም በዙሪያዋ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚገኝ አንድ አባል በራሱ ስልክና በሞባይል ዳታ ያውርደው። ስንት ደቂቃና ስንት ሜጋባይት እንደፈጀበት ይንገረን። እሱ ጋ ካልተከፈተ አንለቀውም።

2. ዐይን የመጨፈን ሙከራ፦ ስልካችሁ ላይ ቶክባክን አብሩና ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ትምህርቱን ለመክፈት ሞክሩ። ጣትን ወደ ቀኝ ስትጠርጉ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ለመክፈት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይነካል። «ምስል» ብሎ ካለፈ መግለጫ ይጎድለዋል።

3. ድምፅ የማጥፋት ሙከራ፦ ድምፁን አጥፍታችሁ ከማስታወሻው ጋር ብቻ ትምህርቱ ይገባችኋል?

4. የፀሐይ ሙከራ፦ ከቤት ውጣችሁ እኩለ ቀን ላይ ስልኩን ክፈቱ። ፊደሉ ይነበባል?

5. የእንግዳ ሙከራ፦ ለሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ ስጡትና ምንም ሳታስረዱ ሲጠቀምበት ተመልከቱ። የቆመበትን ቦታ ጻፉ። እርማት የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

አምስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ።

ለማጠቃለል

ዕውቀት ፈልጎ መጥቶ ፊት ስለተነፈገው ሰው ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ዐይነ ስውር ነበሩ። ሊማሩ በመጡ ጊዜ የሆነው ነገር ሱረቱ ዐበሰ የወረደበት ምክንያት እንደሆነ በተፍሲር ደርሳችን ተምረናል። በኋላም ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ሆኑ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡም መዲናን በኃላፊነት የተቀበሉበት ጊዜ ነበር። ይህን ታሪክ ስንሰማው ራሳችንን ሁልጊዜ ከእሳቸው ወገን አድርገን ነው። ባለፈው ክረምት ግን የመጣውን ፊት የነሳነው እኛ ነበርን፤ ያውም ሳናውቀው፣ ሥራ በዝቶብን፣ ለብዙኃኑ እናስባለን ብለን።

ያቋረጡት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሰነፎች ቢሆኑ ኖሮ የእኛ ሥራ ቀላል ነበር፤ መምከርና መተው ብቻ ነው። ሰነፎች አልነበሩም። ጥቅል ገዝተዋል፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቀዋል፣ በተውሶ ስልክ ገብተዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ማስታወሻ መተየብ፣ ድምፅ መቅረጽ፣ ሰዓት መቀየር ነው። ከከፈሉት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ስለዚህ ለዚህ ክረምት ሦስት ዓይነት ሰው እንፈልጋለን፦ ማስታወሻ የሚተይብ፣ ማጠቃለያውን በወላይትኛ የሚቀርጽ፣ ሰኔ ላይ ወደ ገሱባና ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሚሞሪ ይዞ የሚሄድ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዐስር ሰላት በኋላ የአካዳሚ ክፍሉን አስተባባሪዎች አነጋግሩ። ባለፈው ዓመት ያቋረጣችሁም ተመለሱ፤ አፉ በሉን። ምን እንዳስቸገራችሁ ንገሩን፤ ከእናንተ በተሻለ የሚያውቀው የለም።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅመን፣ የምንሠራውንም ለሌላው የሚደርስ ያድርገው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።